ከእንቁላል እስከ ክንፍ፦ ነፍሳት ባክቴሪያን እንዴት እንደሚመክቱ የታወቀበት ታሪክ

ሎዲ በሰሜን ኢጣሊያ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዚያ አገር የሐር ትል ማርባት የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር። ትሉ ቅጠል ይበላል፣ ይወፍራል፣ ድር ይሠራል፤ ድሩ ይሸጣል። አንዳንድ ዓመት ግን ትሎቹ ድሩን ሳይጀምሩ ደርቀው፣ ነጭ ዱቄት ለብሰው ይገኛሉ። አጎስቲኖ ባሲ የሚባሉ፣ ሕግ የተማሩ፣ የዓይናቸው ድካም ከመንግሥት ሥራ ያስወጣቸው ሰው ይህን በሽታ ከ25 ዓመት በላይ ተከታተሉት። በ1835 ባሳተሙት መጽሐፍ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነጩ ዱቄት ሕይወት ያለው ሻጋታ መሆኑን፣ ከሞተው ትል ወደ ጤነኛው እየተላለፈ እንደሚገድል አሳዩ። በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር በእንስሳ ላይ በሽታ እንደሚያመጣ በሙከራ ካረጋገጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የጀርም ትምህርት በሰው አልጋ አጠገብ ሳይሆን በትል ማርቢያ ቆጥ ላይ ተጀመረ ማለት ነው።

ባሲ የጠየቁት ትሉ ለምን እንደሚሞት ነው። ለምን እንደማይሞት ለመጠየቅ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

በ1865 የፈረንሳይ ደቡብ በሌላ የሐር ትል በሽታ ተመትቶ ነበር። ሉዊ ፓስተር የኬሚስትሪ ሰው ነበሩ፤ የሐር ትል በእጃቸው ነክተው አያውቁም። መምህራቸው ዣን ባፕቲስት ዱማ ስለለመኗቸው ብቻ ወደ አሌስ ወረዱ። የነፍሳት ተመራማሪው ዣን አንሪ ፋብር በኋላ እንደጻፉት፣ ፓስተር አቪኞን ጎራ ብለው የሐሩን ድር ቤት ጆሯቸው ላይ አድርገው ወዘወዙትና ውስጡ የሆነ ነገር እንዳለ ጠየቁ። ውስጡ ያለው ሙሽሬው ነበር፤ ማለትም ትሉ መብላቱን አቁሞ፣ ራሱን በድር ዘግቶ፣ ወደ ክንፋም የእሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ። ፋብር በጥያቄው ተገረሙ። የነፍሳትን እድገት ሀሁ የማያውቅ ሰው የነፍሳትን በሽታ ሊያጠፋ መጥቷል።

ፓስተር ግን የማያውቁትን በፍጥነት የሚማሩ ሰው ነበሩ። አምስት ዓመት ያህል ደክመው፣ በመካከሉ ልጆቻቸውን ቀብረው፣ በ1868 ግማሽ አካላቸውን ሽባ ያደረገ የአንጎል ደም መፍሰስ ገጥሟቸው፣ ሥራውን አልተዉም። አንድ የመሰለው ችግር ሁለት በሽታ መሆኑን ለዩ። አንደኛው ከእናት የእሳት እራት ወደ እንቁላሏ የሚያልፍ ነበር። ስለዚህ እናቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ የበሽታው ጥቃቅን ተሐዋስያን ከተገኙባት እንቁላሎቿ ይቃጠላሉ። ሁለተኛው ትሉ ድር ሊሠራ ሲቃረብ አንጀቱን በባክቴሪያ ሞልቶ የሚያልፈሰፍስ ነበር። በዚህኛው ላይ ፓስተር አንድ ነገር አስተዋሉ፦ አንድ ዓይነት ቅጠል በልተው፣ በአንድ ቆጥ አድገው፣ የሚሞቱም የሚተርፉም አሉ። ድካሙ ከወላጅ ሊወረስ እንደሚችል ጠረጠሩ። ጥርጣሬው ትክክለኛ አቅጣጫ ይዞ ነበር፤ የሚተርፈው ትል በምን እንደሚተርፍ የሚያሳይ መሣሪያ ግን በእጃቸው አልነበረም።

መሣሪያው በ1882 መጨረሻ በሲሲሊ፣ በመሲና ወደብ ተገኘ። ኢሊያ ሜችኒኮፍ ቤተሰባቸው ሰርከስ ሊያይ ወጥቶ ብቻቸውን ቤት ቀርተው የባሕር ኮከብን እጭ ይመለከቱ ነበር። እጯ ውሃ የመሰለች ናት፤ ውስጧ ሁሉ ይታያል። በሰውነቷ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ባዕድ ነገር ሲገባ ይሰበሰቡ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣላቸውና ከአትክልት ቦታው እሾህ አምጥተው ወጉባት። በማግስቱ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኙ። ቀጥለውም በውሃ ውስጥ በምትኖር፣ ከነፍሳት ጋር በሩቅ በምትዛመድ ትንሽ ፍጥረት ላይ የደም ሕዋሳት ወራሪን ሲውጡ ተመለከቱ። ይህ ሥራ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ለእኛ ትረካ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚጠቅመው በ1887 የሜችኒኮፍ ወዳጅ አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ያሳተሙት ነው። ኮቫሌቭስኪ የዝንብን ሙሽሬ ሰነጣጥቀው ሲያዩ የእጩን ጡንቻ የሚበሉት እነዚያው ዋጭ የደም ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። ዝንብ እጭ ሳለች የነበራት አካል ፈርሶ ነው አዲሱ የሚገነባው፤ አፍራሾቹ ደግሞ ባክቴሪያ ሲመጣ የሚውጡት ወታደሮች ራሳቸው ናቸው። ማደግና መከላከል በአንድ እጅ የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች መሆናቸው መጀመሪያ የታየው እዚህ ላይ ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ይህን እንደ አንድ ትልቅ ነገር አልያዙትም፤ ሐኪሞቹ ወደ ሰው ደም፣ የነፍሳት ሊቃውንቱ ወደ ተባይ ማጥፊያ አዘነበሉ።

በ1918 አሜሪካዊው ግሌዘር በፌንጣ ላይ፣ በ1920 ደግሞ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ነገር አገኙ። አንዱ ፈረንሳዊው ፓዮ ነበሩ፤ ሌላው ከሩሲያ ተሰደው በፓሪሱ የፓስተር ተቋም የሚሠሩት ሰርጌ ሜታልኒኮፍ። ሜታልኒኮፍ የመረጡት የንብ አርቢ ሁሉ ጠላት የሆነውን፣ ቀፎ ገብቶ ሰም የሚበላውን አባጨጓሬ ነው። የመረጡበት ምክንያት ራሱ ያስገርማል፦ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሰም የመሰለ ልባስ ስላለው፣ ሰም የሚፈጭ ትል ባክቴሪያውንም ይፈጭ ይሆናል ብለው ቀደም ሲል ተስፋ አድርገው ነበር። ተስፋው ለመድኃኒት አልበቃም፤ አባጨጓሬው ግን ሌላ ነገር አስተማረ። የሞተ ወይም የደከመ ባክቴሪያ ከተወጋ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ያልተወጋውን የሚገድል መጠን ቢሰጠው ይቋቋማል። መቋቋሙ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይከስማል።

ሁሉም ቀጥለው የፈለጉት በሰው ደም ውስጥ የታወቀውን ፀረ እንግዳ አካል ነበር። አላገኙትም፤ ነፍሳት ፀረ እንግዳ አካል የላቸውምና። የሚፈልጉትን ስላጡ ነገሩ ለ50 ዓመት ያህል ዳር ይዞ ቆየ። እዚህ ላይ የሚወቀሰው ትሉ አይደለም። ሰው ራሱን መለኪያ አድርጎ ሌላውን ሲመዝን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያባክን ይህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጥሩ ማስረጃ ነው።

በ1972 በሰሜን ስዊድን በኡሜዮ ከተማ ሃንስ ቦማን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጡ። የፍራፍሬ ዝንብ አስቀድማ ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ ከተወጋች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ገዳይ ባክቴሪያ ታጠፋለች። ግን ከአንዲት የፍራፍሬ ዝንብ የሚገኘው ደም ለኬሚስት ሥራ አይበቃም። ቦማን ትልቅ ደም ያለው እንስሳ ፈለጉ፤ ያገኙትም በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩት የእሳት እራቶች ግዙፍ የሆነችውን ሴክሮፒያን ነው። የመረጡት ክንፋሟን አልነበረም፤ አባጨጓሬዋንም አልነበረም። ሙሽሬዋን ነው።

ምርጫው ብልህነት ነበረበት። ሴክሮፒያ ክረምቱን የምታሳልፈው ሙሽሬ ሆና ነው። ለወራት አትበላም፣ አትጠጣም፣ አትንቀሳቀስም፤ እድገቷ ቆሟል፤ አዲስ ፕሮቲን መሥራቷን እጅግ ቀንሳለች። ቦማንና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያ ከወጉ በኋላ ጨረር የሚያወጣ የፕሮቲን ጡብ (አሚኖ አሲድ) ጨመሩባት። በሌላ እንስሳ ላይ ቢሆን ያ ምልክት በሺህ ዓይነት ፕሮቲን ላይ ተበትኖ ምንም ባልታየ ነበር። በተኛችው ሙሽሬ ላይ ግን ምልክት የያዙት ለመከላከል ሲባል ብቻ የተሠሩት ጥቂት ፕሮቲኖች ሆኑ። ዝምታው ውስጥ የነቃው አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር በግልጽ ተነበበ።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በ1981 ተለይተው ወጡ፤ ሴክሮፒን ተባሉ። አንደኛው 37 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው፣ ከፕሮቲን ሁሉ ትንሽ ከሚባሉት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ይለጠፋል፣ ሽፋኑን ይበሳል፣ የባክቴሪያው ውስጥ ይፈሳል። ባክቴሪያውን በስሙ ማወቅ፣ ለእርሱ ብቻ የተቀረጸ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት አያስፈልገውም። ሜታልኒኮፍና ፓዮ ያዩትና ስም ያላገኙለት ነገር ይህ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተመሳሳይ፣ ባክቴሪያን የሚበሱ ጥቃቅን ፕሮቲኖች በሰው ነጭ የደም ሕዋስና በእንቁራሪት ቆዳ ላይም ተገኙ፤ ነፍሳትን መመርመር የትል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ሐኪሞች ያመኑት ያኔ ነው።

በዚያው ዘመን ስትራስቡርግ ላይ ዩል ሆፍማን ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በሉክሰምበርግ ከነፍሳት ተመራማሪ አባት ተወልደው፣ የዶክትሬት ሥራቸውን በአንበጣ ላይ የሠሩ ናቸው። ከአንዱ አንበጣ ወደ ሌላው የአካል ክፍል ሲዛወር፣ ንጽሕናው ብዙም ሳይጠበቅ፣ አንበጦቹ አለመታመማቸውን መምህራቸው አስተውለው ነበር። ሆፍማን ግን ለዓመታት የደከሙት በኤክዳይሶን ላይ ነው፤ ይህ ነፍሳት ቆዳ የሚጥሉበትንና ከእጭ ወደ ሙሽሬ፣ ከሙሽሬ ወደ ክንፋም የሚሸጋገሩበትን ሰዓት የሚቆጥር ሆርሞን ነው። የእድገት ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። በ1988 የእሳቸው ቡድን ከዝንብ እጭ ደም ዲፕተሪሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን አወጣ። ቀጣዩ ጥያቄ ፕሮቲኑ ምን እንደሆነ ሳይሆን «ጀምር» የሚለው ትእዛዝ ከየት እንደሚመጣ ነበር።

መልሱ ሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ነበር። ሃይደልበርግ ላይ ክሪስቲያኔ ኑስላይን ፎልሃርድና ኤሪክ ዊሻውስ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል ፊትና ኋላውን፣ ሆድና ጀርባውን በምን እንደሚለይ ለማወቅ ዘረ መሎቿን አንድ በአንድ እያበላሹ ያዩ ነበር። በ1980 ያሳተሙት ሥራ በ1995 የኖቤል ሽልማት አሸለማቸው። በዚህ ዓይነት ምርምር ከተለዩት አንዱ ቶል የተባለው ዘረ መል ነው። እናቲቱ ቶል ከሌላት እንቁላሏ ውስጥ የሚያድገው ሽል ሆድ አይወጣለትም፤ ዙሪያውን ጀርባ ሆኖ ይሞታል። ካትሪን አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው ቶል በሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ከውጭ ወደ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋገጡ። በ1991 ደግሞ የቶል የውስጥ ጫፍ በሰው ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ትኩሳትና እብጠት ከሚያስነሣው ተቀባይ ጋር እንደሚመሳሰል ተስተዋለ። ሆድና ጀርባን የሚለይ ነገር ከትኩሳት ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄውን በእጃቸው የመለሱት በሆፍማን ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ወጣቱ ብሩኖ ለሜትር ናቸው። በ1995 በአንድ ዘረ መል ጉድለት ምክንያት በባክቴሪያ የሚሞቱ፣ ሻጋታን ግን የሚቋቋሙ ዝንቦች አገኙ፤ ዘረ መሉም ኢምድ ተባለ። ስለዚህ ሻጋታውን የሚመክተው ሌላ መንገድ መሆን አለበት። በ1996 ቶል የጎደላቸውን ክንፋም ዝንቦች በሻጋታ ሲበክሏቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ረገፉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣው ፎቶግራፍ ሬሳዋ ላይ ሻጋታ የበቀለባት ዝንብን ያሳያል፤ በዚህ ዘርፍ ከዚያ ይልቅ የታወቀ ምስል የለም። እንቁላል ውስጥ ሆድን የሚሠራው ዘረ መል፣ ዝንቧ ካደገች በኋላ ዘብ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1997 ሩስላን ሜድዝሂቶቭና ቻርልስ ጃንዌይ የሰውን ቶል አሳወቁ፤ በ1998 ብሩስ ቦይትለር በአይጥ ላይ ከዚሁ ቤተሰብ አንዱ ተቀባይ የባክቴሪያን መርዝ እንደሚያውቅ አሳዩ። በ2011 ሆፍማንና ቦይትለር ከራልፍ ስታይንማን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ስታይንማን ሽልማቱ ከመነገሩ ሦስት ቀን ቀድመው አርፈው ነበር፤ ጃንዌይ በ2003 ሞተዋል፤ ሙከራውን የሠሩት ለሜትር ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበሩም። የሽልማት ዝርዝር የሥራ ዝርዝር አይደለም።

ነፍሳት ባክቴሪያውን በምን ለይተው እንደሚያውቁት የተገኘው ደግሞ ታሪኩ በጀመረበት እንስሳ፣ በሐር ትል ላይ ነው። በ1996 በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የማሳኪ አሺዳ ቡድን ከትሉ ደም ውስጥ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚይዝ ፕሮቲን አወጣ። የባክቴሪያ ግድግዳ የተሠራበት ቁስ በእንስሳ ሰውነት ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እርሱን የነካ ፕሮቲን ጠላት እንደገባ አይጠራጠርም። በ2001 እና በ2002 የዚህ ፕሮቲን ዘመዶች በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ተገኙ፤ አንዱ ዓይነት ግድግዳ ትእዛዙን በቶል በኩል፣ ሌላው በኢምድ በኩል እንደሚልክ ታወቀ። ትእዛዙ የሚደርሰው በዋናነት የእኛን ጉበት የመሰለ ሥራ ላለው የስብ አካል ነው፤ ገዳይ ፕሮቲኖቹም ከዚያ ወደ ደም ይረጫሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል። በእኔ ግምት ይበልጥ የሚደንቀው ግን ከዚህ በኋላ ያለውና ብዙም ያልተወራለት ነው። ለሜትር የመረመሯቸው ዝንቦች ክንፍ ያወጡ ነበሩ። ብዙ ነፍሳት ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ክንፍ ሳይኖራቸው ነው የሚኖሩት። እንቁላሉ፣ እጩና ሙሽሬው እያንዳንዳቸው ሌላ አካል፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ አደጋ አላቸው። ታዲያ ዘበኛው በሁሉም ዕድሜ ያው ነው?

አይደለም። በ1996 በዚያው በስትራስቡርግ ማሪ ማይስተርና ጄፍሪ ሪቻርድስ የዝንብ እጭ በባክቴሪያ ስትወጋ ዲፕተሪሲንን በሚገባ ማምረት የምትችለው በመጨረሻው የእጭነት ዘመኗ መሆኑን፣ ኤክዳይሶን የጎደላት እጭ ደግሞ ይህን አቅም እንደማታገኝ አሳዩ። ቆዳ የሚያስጥለው ሆርሞን መከላከያውንም ያበስለዋል። በ2013 በፖርቱጋል የተሠራ ሙከራ ነገሩን ወደ ሙሽሬው አሻገረው፦ የደም ሕዋሶቿ ኤክዳይሶንን እንዳይሰሙ የተደረገች ሙሽሬ፣ ሕዋሶቿ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ባክቴሪያ ሲገባባትም ትሞታለች። ኮቫሌቭስኪ በ1887 ያዩዋቸው ዋጭ ሕዋሳት ከእጭነት እንቅልፋቸው የሚነሡት የመለወጫው ሰዓት ሲደውል ነው።

የሙሽሬ ዘመን አደገኛ የሚሆንበት አንድ ግልጽ ምክንያት አለ፤ አንጀት። አባጨጓሬ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ስለሚበላ አንጀቱ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ወደ ሙሽሬ ሲለወጥ ያ አንጀት ተገርስሶ በአዲስ ይተካል። ጎተራ ሲፈርስ አይጥ እንደሚበተን ሁሉ፣ በዚያች ሰዓት ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የፒተር ደን ቤተ ሙከራ በትምባሆ አባጨጓሬ ላይ እንዳየው፣ የአንጀቱ ግድግዳ ከመፍረሱ አስቀድሞ ሕዋሶቹ ባክቴሪያ የሚያሟሟ ፕሮቲን ያጠራቅማሉ፤ ግድግዳው ሲረግፍ ያ ሁሉ ወደ አንጀቱ ይፈሳል። ማንም አልወጋውም፣ ማንም አልበከለውም። አደጋው በቀን መቁጠሪያ የታወቀ ስለሆነ መከላከያውም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በ2015 በበርሊን ሜታልኒኮፍ በመረጡት በዚያው ሰም በል አባጨጓሬ ላይ በተሠራ ጥናት ደግሞ ሥራው የአባጨጓሬው ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ አንጀቱ ውስጥ የሚኖር አንድ ወዳጅ ባክቴሪያ ሌሎቹን ለማጥፋት ያግዘዋል።

ባክቴሪያ ወዳጅ ሊሆን መቻሉን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ለኢትዮጵያ አርሶ አደርም ቅርብ የሆነ ነፍሳት ነው። የቆላ ዝንብ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ሸለቆዎች ከብቱን በገንዲ የምትጨርሰው ናት፤ መካን የተደረጉ ወንዶቿን ለመልቀቅ ቃሊቲ ላይ የማራቢያ ማዕከል የተሠራላት። ይህች ዝንብ እንቁላል አትጥልም። አንዲቷን እጭ በማሕፀኗ ይዛ ወተት በመሰለ ፈሳሽ ታሳድጋታለች፤ እጯ ስትወለድ አድጋ የጨረሰች ናት፤ ወዲያው አፈር ውስጥ ገብታ ሙሽሬ ትሆናለች። በወተቱ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍ አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ደም ብቻ የምትበላው ዝንብ የሚጎድላትን ቫይታሚን ያሟላላታል። በ2011 በዬል ዩኒቨርሲቲ ብራያን ዋይስ፣ ሰራፕ አክሶይና ባልደረቦቻቸው እናቶቹን ከዚህ ባክቴሪያ አጽድተው፣ የጎደለውን ምግብ በሌላ መንገድ ሞልተው ልጆቻቸውን ተመለከቱ። ልጆቹ ሲታዩ ጤነኞች ናቸው፤ ዋጭ የደም ሕዋሶቻቸው ግን እጅግ ጥቂት ሆኑ። ተራ ኢ ኮላይ ሲወጉ ጤነኞቹ ዝንቦች ሲተርፉ እነርሱ አለቁ። የጤነኛ ዝንብ የደም ሕዋስ ሲሰጣቸው ዳኑ። ወሳኙ ጊዜ የእጭነት ዘመን ነው፤ እጭ ሳለች ባክቴሪያውን አግኝታ ክንፍ ካወጣች በኋላ ያጣች ዝንብ ብዙም አልተጎዳችም።

የቀረው እንቁላሉ ነበር። ለብዙ ዘመን እንቁላል ቅርፊት ብቻ ያለው፣ ራሱን የማያድን ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ ግምቱ የመጣው ሁሉ ሰው ከሚያጠናት ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። በ2013 እና በ2014 በሆላንድ፣ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ጃኮብስና ሞሪን ፋን ደር ዜ ጎተራና ዱቄት ቤት የሚገባውን ቀይ የዱቄት ነቀዝ ያዙ። የነቀዙ ሽል ዙሪያውን ሴሮሳ በሚባል ስስ የሕዋስ ሽፋን ተጠቅልሏል። እንቁላሉ ባክቴሪያ በተነከረ መርፌ ሲወጋ ሴሮሳው ብዙ የመከላከያ ዘረ መሎችን አንድ ላይ ያስነሣል። ሴሮሳው እንዳይሠራ የተደረገ እንቁላል ግን ምላሽ የለውም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያው በውስጡ እንደልቡ ይራባል። የፍራፍሬ ዝንብ ወገን ይህን ሽፋን በዘር ሂደት አጥቶታል። ሳይንስ መቶ ዓመት የተደገፈባት እንስሳ በዚህ ጉዳይ የነፍሳት ሁሉ ምስክር ልትሆን የማትችል ሆና ተገኘች።

እናቲቱስ? ፓስተር በሽታ በእንቁላል እንደሚወረስ አሳይተው ነበር። በ2005 በስዊዘርላንድ ቤን ሳድና ባልደረቦቻቸው በባለጠጉር ትልቅ ንብ ላይ የተገላቢጦሹን አሳዩ፤ ንግሥቲቱ በሞተ ባክቴሪያ ስትወጋ ሴት ልጆቿ ያለ መወጋት ይበረታሉ። ፀረ እንግዳ አካል በሌለበት ይህ በምን ሊተላለፍ ይችላል? በ2015 ሄሊ ሳልሜላ፣ ግሮ አምዳምና ዳሊያል ፍራይታክ በማር ንብ ላይ መልሱን ሰጡ። የእንቁላሉን አስኳል የሚሠራው ፕሮቲን ከእናት ደም የባክቴሪያን ስብርባሪ ይዞ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ሽሉን የሚመግበው ነገር ስለሚመጣው ጠላት ወሬውንም ያደርሰዋል።

ይህ ግኝት ከቤተ ሙከራ የወጣው በአንድ በሽታ ምክንያት ነው። የአሜሪካ እጭ አበስባሽ የሚባለው የንብ በሽታ የሚያጠቃው ትልልቆቹን ንቦች አይደለም፤ ከእንቁላል ከወጡ ሁለት ቀን ያልሞላቸውን እጮች ነው። ባክቴሪያው በእጩ ውስጥ ተራብቶ የሚያበቅለው የዘር ፍሬ በቀፎ ውስጥ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እጩ ራሷን መከተብ አይቻልም፤ ሰዓቱ አይበቃም። ስለዚህ ክትባቱ ለእናት ተሰጠ። በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ ከንግሥቲቱ ምግብ ጋር ይቀላቀላል፤ ሠራተኞቹ ንቦች በልተው ለንግሥቲቱ በሚያጎርሷት ምግብ ያቀብሏታል፤ ስብርባሪው ወደ እንቁላሎቿ ይደርሳል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዚህ ክትባት ጊዜያዊ ፈቃድ መስጠቱ በጥር 2023 ተነገረ፤ ለነፍሳት የተፈቀደ የመጀመሪያው ክትባት ነው። የሚያገለግለው ገና ላልተጣሉት እንቁላሎች ብቻ ነው፤ በሽታው የገባበትን ቀፎ አያድንም፤ እንዲህ ያለ ቀፎ አሁንም ይቃጠላል።